ማንም የማያሸንፍበት ጌም ምኑ ነው እንዲህ የሚይዘው?

የፒያሳው

ሰላም ለቤቱ። ትንሽ የሚያሳፍር ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። መሳቅ ትችላላችሁ፣ ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ።

እኔ ያደግኩት ጎንደር ፒያሳ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ቦርሳችንን ቤት ሳናደርስ እዛ ነን። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። የአንድ ጨዋታ ሒሳብ ብቻ ይዘህ ገብተህ ካልተሸነፍክ እስኪመሽ ትጫወታለህ። ከተሸነፍክ ደግሞ ከኋላ ቆመህ በሰው ጨዋታ "አቀብለው! አቀብለው እንጂ አንተ!" እያልክ ትጮሃለህ። ለእኔ ጌም ማለት ይሄ ነው። ላብ፣ ጩኸት፣ ብሽሽቅ፣ አንዳንዴም ጆይስቲክ የሚያስወረውር ንዴት።

ከሦስት ሳምንት በፊት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ለእረፍት መጥቶ ላፕቶፔ ላይ ስታርዲው ቫሊ የሚባል ጌም ጫነልኝ። ታሪኩ ቀላል ነው። አያትህ ሊሞት ሲል የታሸገ ደብዳቤ ይሰጥሃል፣ አንተ አድገህ አንድ ትልቅ ካምፓኒ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ ኑሮ ሲሰለችህ ደብዳቤውን ትከፍተዋለህ፣ ለካ ገጠር ያለ እርሻውን አውርሶህ ኖሯል። ትሄዳለህ። እርሻውን አረምና ድንጋይ ውጦታል። እጅህ ላይ 500 የጌሙ ብር እና 15 የፓርስኒፕ ዘር አለ (ፓርስኒፕን ያው ነጭ ካሮት በሉት)። ትቆፍራለህ፣ ትዘራለህ፣ ታጠጣለህ፣ ትተኛለህ። በአራተኛው ቀን ይደርሳል። መጀመሪያ ቀን "ይሄ ጌም ነው ወይስ የግብርና ሥልጠና?" ብዬ ሳቅኩበት።

አሁን እኔ ነኝ የሚሳቅብኝ። ትናንት ማታ ማሳዬን አጠጥቼ ልጨርስ ሁለት ረድፍ ሲቀረኝ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ እና ድርግም አለ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ከልቤ አዘንኩ። ለካሮት! እናቴ ሻማ ይዛ ገባች።

"ምን ሆነሃል? ተሸነፍክ?"
"አይ እማዬ፣ መሸነፍ የለውም።"
"እሺ ስታሸንፍ ምን ይሰጡሃል?"
"ማሸነፍም የለውም።"
"ታዲያ ዓይንህ እንዲህ የቀላው ለምንድን ነው?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። አምና ተመርቄ እስካሁን ሥራ እየፈለግኩ ነው፣ እና እውነት እውነቱን እናውራ ካልን ሰነፍኩ ወይ ብዬ ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ሰው የማያሸንፍበት፣ የማይጠናቀቅ፣ የሚያጣድፍህ የሌለበት ጌም ምኑ ነው እንዲህ የሚይዘው? የተጫወታችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የማራኪዋ

ሃሃ እንኳን ደህና መጣህ ወደ እኛ መንደር።

ወንድሜ፣ እቃቃ ተጫውተህ አታውቅም? "የሴት ጨዋታ ነው" ልትል ትችላለህ፣ ውሸት ነው፤ እያንዳንዱ እቃቃ ውስጥ አባት ሆኖ ጥግ ዞሮ የሚመለስና "ሥራ ውዬ መጣሁ፣ እራት አቅርቡ" የሚል አንድ ወንድ ልጅ አይጠፋም ነበር። ምናልባት እሱ አንተ ነበርክ።

እኛ ሰፈር ጡብ በድንጋይ ፈጭተን በርበሬ እናደርግ ነበር። ቆርኪው ስኒ ነው። የተሰበረ የጀበና አንገት ከቆሻሻ ውስጥ ካገኘህ በቃ፣ የዛን ቀን የሰፈሩ ሀብታም አንተ ነህ። ጎረቤት ቡና እንጠራራለን፣ "ኧረ ልጆቹ እንዴት አደሩ" እንባባላለን፣ ከጨርቅ የተሠራ ልጃችን ይታመማል፣ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን፣ ይድናል፣ እንደገና ይታመማል። ማን አሸነፈ ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ ይልሃል? ጨዋታው የሚያልቀው አንዷ እናት በር ላይ ወጥታ "እናንተ ልጆች መሽቷል ግቡ!" ስትል ነው። ያኔም አያልቅም፣ ነገ ካቆምንበት ነው የምንቀጥለው።

እኔ ዘ ሲምስ ነው የምጫወተው፣ ሰው ፈጥረህ ቤት ሠርተህ የምታኖርበት ጌም ነው። የመጀመሪያው የወጣው በፈረንጆች 2000 ነው። አመጣጡን ታውቃለህ? ሠሪው ዊል ራይት ይባላል፣ በ1991 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተነሳው ትልቅ እሳት ቤቱ ከነዕቃው ተቃጠለበት። ከዛ ሁሉንም እንደ አዲስ ሲገዛ፣ ማንኪያው ሳይቀር፣ ሰው የትኛውን ዕቃ በእውነት እንደሚፈልገው ማሰብ ጀመረ። መጀመሪያ ያሰበው ቤት መሥሪያ ጌም ብቻ ነበር። ሰዎቹን ያስገባቸው ቤቱ ለኑሮ መመቸቱን እንዲመሰክሩለት ነው። በኋላ ሰዎቹ ቤቱን በለጡት።

እኔ በሲምስ 4 የአያቴን ቤት ሠራሁት፣ ቁስቋም በታች ያለውን። ሳሎኑን አሳመርኩት፣ ረከቦት የሚባል ነገር ስለሌለው ትንሽ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ፣ አያቴንም ነጠላ የሚመስል ነገር ፈልጌ አለበስኳት። ከዛ "ምግብ ሥሪ" አልኳት። አዲስ የተፈጠረ ሰው የማብሰል ችሎታው ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ እና ምድጃውን አቃጠለችው። አያቴ! ዕድሜ ልኳን ድግስ ያወጣች ሴትዮ! እውነተኛዋ አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያየች ነበር፣ ሰዎቹ ሲንጫጩ (የራሳቸው የፈጠራ ቋንቋ ነው ያላቸው፣ ሲምሊሽ ይባላል) "እነዚህ ልጆች ምን እያሉ ነው? ጸበል ውሰጃቸው" አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሲምስ 4 ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስድስት ፍላጎት በመስመር ይታያል፦ ረሃብ፣ እንቅልፍ፣ ሽንት ቤት፣ ንጽሕና፣ መዝናናት እና ከሰው መገናኘት። የመጨረሻው እንደ ረሃብ እኩል ቀይ ይሆናል። ግቢ ገብቼ የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ክፍሌ ተዘግቼ ስውል ያንን ቀይ መስመር አየሁትና ላፕቶፑን ዘግቼ ጎረቤት ዶርም ሄጄ ቡና አለ ወይ አልኩ። እኔ እንደዛ ነው የያዘኝ።

ዐፄው 10

ይቅርታ ግን ጊዜ ማባከን ነው። ጌም ማለት ፉክክር ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም ሊጉን ሲያነሳ ጎንደር እንዴት እንደነበረች ታስታውሳላችሁ አይደል? ለምን እንደዛ ሆነ? ሊሸነፍም ይችል ስለነበረ! መሸነፍ ከሌለ ደስታው ከየት ይመጣል? ካሮት ማጠጣት ካማረህ ደግሞ እናትህ ጓሮ ጎመን አይጠፋም፣ እሱን አጠጣ።

የፒያሳው

ጓሮ የለንም ወንድሜ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ።

ዐፄው 10

በረንዳ የለውም? ባልዲ ላይ ትከል ሃሃ

ቆላድባ

ኧረ ቆዩ ቆዩ፣ የገበሬ ልጅ ይናገር።

ደንቢያ ነው ያደግኩት፣ አባቴ አሁንም ያርሳል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በመስኖ፣ ጤፍና ሽምብራም አለ። ስታርዲውን ስልኬ ላይ ጭኜ ለበዓል ቤት ስሄድ አባቴ ከጎኔ ቁጭ ብሎ አየው። መነጽሩን አድርጎ። እንዴት እንደተፋጠጠው ብታዩት።

የመጀመሪያ ጥያቄው "በሬዎቹ የት አሉ?" ነበር። በሬ የለም አልኩት። ላም አለ፣ ፍየል አለ፣ ፈረስ ሳይቀር አለ፣ የሚታረሰው ግን በዶማ ነው። "በዶማ? ስንት ጥማድ?" አለና ለልጁ ከልቡ አዘነለት። ቀጥሎ ወቅቱን ጠየቀ። ጌሙ አራት ወቅት አለው፣ እያንዳንዱ 28 ቀን። እኔ ሳላስብ "ክረምት ላይ ውጭ ምንም አይበቅልም ማለት ይቻላል" አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። "በክረምት ካልዘራ መቼ ሊዘራ ነው?" የፈረንጅ ክረምት በረዶ እንጂ ዝናብ እንዳልሆነ እስካስረዳው ድረስ ሠሪው የተማረ ግን እርሻ የማያውቅ ሰው ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ማጠጣት እንደሌለብህ ሲያይ ግን "እሱስ ልክ ነው" አለ።

ወፍ ይመጣል፣ ማስፈራሪያ ካልተከልክ ቁራ ሰብልህን ይበላል። እኔ ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ነው የዋልኩት፣ ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ፣ ከእንቅልፍ ጋር እየታገልኩ። እዚህ ግን አንድ እንጨት ተክለህ ትሄዳለህ። የጌሙ ገበሬዎች ጥሩ ጊዜ ላይ ተወልደዋል።

አባቴን ጉድ ያሰኘው ግን ሌላ ነው። ያመረትከውን ማታ ቤትህ ደጃፍ ያለ ሳጥን ውስጥ ትከታለህ፣ ሌሊት ይወሰድልሃል፣ ጠዋት ስትነሳ ብሩ ገብቷል። "ዋጋውን ማን ይቆርጣል?" አለ። ዋጋው የታወቀ ነው አልኩት፣ ፓርስኒፕ ዛሬም ያው ነው፣ የዛሬ ዓመትም ያው ነው፣ ጥራቱ ከፍ ካለ ይጨምራል እንጂ አይወርድም። "ሁሉም ሰው ሽንኩርት ቢያወጣም?" አዎ። "ደላላስ?" የለም። ዝም አለ። አንድ ዓመት ሽንኩርቱን በደህና ዋጋ እሸጣለሁ ብሎ ጠብቆ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲያወጣ ዋጋው ወርዶ፣ ግማሹ ማሳ ላይ ቀርቷል። ያን ጊዜ እናቴ ሽንኩርት ለጎረቤት በነጻ ስታድል ትዝ ይለኛል፣ ለሁለት ሳምንት ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር።

ቆይቶ "ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ይሄ ጸሎት ነው" አለና ተነስቶ ወጣ።

ስለዚህ የፒያሳው፣ ምኑ ይዞህ እንደሆነ አባቴ የነገረህ ይመስለኛል። የሠራኸው ያው ይገባል። አጠጣህ፣ በቀለ፣ ሸጥክ፣ ተከፈለህ። ዐፄው ጓሮህን አጠጣ ሲል ልክ ነው፣ ግን ጓሮው በረዶ አለው፣ ተባይ አለው፣ የጎረቤት ዶሮ አለው። ጣና ዳር ያሉት ደግሞ እምቦጭ የሚባል መዓት አለባቸው፣ በአንድ ዶማ የሚያልቅ አረም አይደለም። የእውነት እርሻ ዘና አያደርግም። ዘና የሚያደርገው ይሄ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

የማራኪዋ

"ይሄ ጸሎት ነው" ብሎ መውጣት 😭 አባትህን ሳምልኝ።

የሌሊት ተረኛ

ሰላም። ነርስ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ነው የምገባው። እኔ የምጫወተው አኒማል ክሮሲንግ ነው፣ እንስሳት ጎረቤት ሆነውሽ የምትኖሪበት ጌም፣ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ስዊች የሚባለውን የጌም ማጫወቻ ይዛልኝ መጥታ።

የእሱ ባሕርይ ከስታርዲው ይለያል። ስታርዲው ላይ አንድ ቀን 14 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ካልተኛህ ሜዳ ላይ ትወድቃለህ። (በእኛ አቆጣጠር ነው የነገርኳችሁ፣ ጌሙ በፈረንጅ ነው የሚጽፈው።) "አንድ ቀን ብቻ ልጨምር" እያልክ የምታነጋው ለዛ ነው። ሁሌም ሊያልቅ የተቃረበ ቀን አለ። አኒማል ክሮሲንግ ግን በእውነተኛው ሰዓት ነው የሚሄደው። እዚህ ሲመሽ እዛም ይመሻል። ሱቁ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 4 ሰዓት ይዘጋል። ዛሬ ዛፍ ከተከልክ ዛሬ አታየውም፣ ስለዚህ 20 ደቂቃ ተጫውተህ ትወጣለህ። የሚሠራ ነገር የለማ!

እኔ ከተረኛነት የምወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አላርም፣ ጥሪ፣ የሰው ጭንቀት። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እከፍተዋለሁ፣ እነሱ ገና ሱቃቸውን እየከፈቱ ነው። አንዷ ድመት ጎረቤቴ "ትናንት አላየሁሽም" ትለኛለች። ዛጎል እለቅማለሁ፣ አበባ አጠጣለሁ፣ እተኛለሁ። ዐፄው እንዳለው ፉክክር ብፈልግ ሥራ ቦታዬ በቂ አለ። ከሞት ጋር ነው ደግሞ።

ቶም ኑክ የሚባል ነጋዴ ቤት በብድር ይሠራልሻል፣ ብድሩ ወለድ የለውም፣ የመክፈያ ቀንም የለውም። ይሄን ለባለቤቴ ስነግረው "የት ነው ቅርንጫፋቸው?" አለኝ። ተርኒፕ የሚባል የሥር አትክልት ንግድም አለ፣ እሁድ ብቻ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ትገዣለሽ፣ ዋጋው በየቀኑ ሁለቴ ይቀያየራል፣ እስከ ሚቀጥለው እሁድ ካልሸጥሽ ይበሰብሳል። ከቅዳሴ መልስ ገዝቼ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ዋጋ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እከስራለሁ። ቆላድባ፣ ለአባትህ ይሄኛውን አታሳየው።

የመጀመሪያው የወጣው ጃፓን ውስጥ በፈረንጆች 2001 ነው። ያሰበው ሰው ካትሱያ ኤጉቺ ይባላል፣ ከቺባ ወደ ኪዮቶ ለሥራ ሄዶ ቤተሰቡና ጓደኞቹ ከአጠገቡ ሲጠፉ የተሰማውን ነው ጌም ያደረገው። እኔ ከደባርቅ መጥቼ እዚህ ስቀጠር አንድ ሰው አላውቅም ነበር፣ ለዛ ይሆናል የገባኝ። በ2020 መጋቢት ላይ አዲሱ የወጣ ጊዜ ደግሞ ዓለም በኮሮና በሯን እየዘጋች ነበር፣ ሰው ጎረቤቱን በጌም መጠየቅ ጀመረ። እኛ ያኔ ማስክ ስንቆጥር ነበር፣ እኔ የተጫወትኩት ከዛ በጣም ቆይቼ ነው።

ችግርም አለው፣ አልዋሽም። ሁለት ሳምንት ሳትገቢ ብትቀሪ አረም ይወርሰዋል፣ ቤትሽ በረሮ ይገባል፣ ጎረቤቶቹም የት ጠፋሽ ይሉሻል። አንዴ ሦስት ሳምንት በሥራ ተወጥሬ ስመለስ ደስ አላለኝም፣ ጥፋተኛ የሆንኩ ነው የመሰለኝ። ዕረፍት ያልኩት ነገር ሌላ ዕዳ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ዘጋሁት፣ ሲናፍቀኝ ተመለስኩ።

ፍላሽ በጁ

እኔ ላፕቶፕ ጠጋኝ ነኝ፣ ከፍልስፍናው እናንተ ጨርሱ፣ እኔ ለመብራቱ ነገር ልምጣ።

የፒያሳው፣ ስታርዲው ኮምፒውተር ላይ ሴቭ የሚያደርገው ስትተኛ ብቻ ነው። መሐል ላይ መብራት ከሄደ የሚጠፋብህ የዛች ቀን ሥራ ብቻ ነው፣ ያለፈው ሁሉ አለ። ስለዚህ ትናንት ያዘንከው ለአንድ ቀን ካሮት ነው፣ ሙሉ እርሻህ አልሄደም። ምክሬ፦ መብራቱ መብለጭለጭ ከጀመረ ማጠጣቱን ተወውና ሮጠህ አልጋህ ላይ ውጣ፣ ተኛ። ስልክ ላይ ያለው ትንሽ ይሻላል፣ ባትሪ አለው። ጥሩነቱ ጌሙ ቀላል ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ከጫንከው በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዳታ በማይሠራበት ጊዜ ስንት ሰው እሱን ይዞ እንደተቀመጠ እኔ ነኝ የማውቀው። ሲምስ 4 ግን ከባድ ነው፣ ዋናው ጌም ከ2022 ጀምሮ በነጻ ቢሆንም ለማውረድ ጊጋ ይበላል፣ ፋኑም እንደ ወፍጮ ይጮሃል። የሴቭ ፎልደሩን አልፎ አልፎ ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ከማንም ፍላሽ ግን አትቀበል፣ ከጌሙ ጋር ቫይረሱን ነው የሚሰጡህ፣ እኔ ጋ ከሚመጡት ግማሾቹ እንደዛ የተበላሹ ናቸው።

ስለ ሥራ ያነሳኸው ደግሞ ገርሞኛል፣ ምክንያቱም ያንን ጌም የሠራው ልጅ አንተን ነበር የሚመስለው። ኤሪክ ባሮን ይባላል፣ በፈረንጆች 2011 ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ አጣ። እጁን ለማፍታታት ልጅ ሆኖ የሚወደውን ሃርቨስት ሙን የሚባል የ1996 የእርሻ ጌም የሚመስል ነገር መሥራት ጀመረ። ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ኮዱን፣ ታሪኩን፣ ሁሉንም ብቻውን። አራት ዓመት ተኩል ፈጀበት። በ2016 የካቲት ላይ ወጣ፣ እስካሁን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ግን "አንተም እንደሱ አድርግ" እያልኩህ አይደለም፣ ሲሠራ ሳለ አንድ ቲያትር ቤት በትርፍ ሰዓት ሰው ያስተናግድ ነበር፣ ፍቅረኛውም ትሠራ ነበር። የሚደግፍህ ሰው ሳይኖር አራት ዓመት ተኩል ካሮት አይሣልም።

ዐፄው 10

ቆይ ቆይ። አንድ ነገር ጎግል አድርጌ መጣሁ። ሦስተኛው ዓመት ሲጀምር የሞተው አያት ተመልሶ መጥቶ እርሻህን አይቶ ነጥብ ይሰጥሃል ይላል። እስከ አራት ሻማ። ታዲያ ማሸነፍ አለው እኮ! ምን ዋሻችሁን?

የማራኪዋ

አዎ ይመጣል፣ ግን ሻማው ቢያንስም ማንም አያባርርህም። ጠዋት ትነሳለህ ታጠጣለህ። አልማዝ ሰጥተህ እንደገና እንዲያይልህ ማድረግም ትችላለህ። አያት ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።

ዐፄው 10

አራት ሻማ በስንት ጊዜ ይገኛል? ለጠቅላላ እውቀት ነው።

ቆላድባ

ሃሃሃ ገባ! ገባ! ይሄው ሄደ ሰውዬው።

የፒያሳው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አንድ በአንድ ነው ያነበብኩት፣ አንዳንዱን ለእናቴ ጮክ ብዬ።

የእቃቃው ነገር ልክ ነው፣ እኔ ነበርኩ ያ ልጅ። ጥግ ዞሬ ስመለስ አንድ ጊዜ "ደመወዝ አምጣ" ብለውኝ የግራር ቅጠል ቆጥሬ እንደሰጠሁ ትዝ አለኝ። የቆላድባ አባት ያሉት ደግሞ ሌሊት አላስተኛኝም። ስንት ቦታ ሲቪ አስገብቼ ይሆን፣ ካስገባሁበት አብዛኛው "አይ" እንኳን አላለኝም። ዝም። እዚህ ግን 15 ዘር ከቀበርክ በአራተኛው ቀን 15 ይነቀላል። ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ግን ደግሞ የሌሊት ተረኛ እንዳለችው ዕዳ እስኪሆንብኝ መጠበቅ የለብኝም። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ ማስታወቂያ አያለሁ፣ ማመልከቻዬን አስገባለሁ፣ ጌሙ ማታ ነው ብዬ ተስማምቻለሁ። ከማን ጋር? ከእናቴ ጋር።

እናቴ ግን ባሰባት። ዛሬ ምሳ ላይ "ያቺ ቡናማዋ ዶሮ ለምን ከፋት?" አለችኝ። በየቀኑ ካልነካካሃቸው ይከፋቸዋል አልኳት። "ታዲያ ሥራ ፈትተህ ተቀምጠህ ዶሮ መንካት አቃተህ?" ብላ ተቆጣችኝ። ስም አውጥታላታለች። አልነግራችሁም፣ የጎረቤታችን ስም ነው።

ዐፄው፣ ለሻማው የምጣደፍ አይመስለኝም። አንተ ግን ከጀመርክ ንገረኝ።

ዐፄው 10

ጀመርኩ። ሁለተኛ ቀን ላይ ነኝ። ዓሣ ማጥመዱ የሚያበሳጭ ነው፣ ያቺ አረንጓዴ ነገር አልያዝ አለችኝ፣ በስንተኛው ነው የሚለመደው? ደግሞ እንዳትስቁ።

ቆላድባ

ማንም አልሳቀም (ሁላችንም እየሳቅን ነው)። ዓሣው ሲሸሽ አትከተለው፣ ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ አድርገህ አረንጓዴዋን ቀስ በቀስ አስጠጋት።

በነገራችን ላይ ትናንት አባቴ ደውሎ ከጤናው በፊት የጠየቀኝ ምን መሰላችሁ፣ ያ ዘር የሚሸጠው ፒየር የሚባለው ባለሱቅ ረቡዕ ረቡዕ የሚዘጋው ለምንድን ነው፣ ይጾማል እንዴ? አለኝ። ምን ልበለው?

የማራኪዋ

ዓርብ ክፍት ነው በለው፣ ያዝንበታል።